ቆሻሻው እንዳይቆረጥብኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ እንዲህ በዋዛ አይሞትም። ቁራሌው ከየደጁ ለቅሞ መርካቶ ያደርሰዋል፤ ምናለሽ ተራ ገብቶ ስሙንም ሥራውንም ቀይሮ ይወጣል። በርሜል የነበረው ምድጃ፣ የመኪና ጎማ የነበረው በረባሶ ሆኖ ይመለሳል። የእርዳታ ስንዴ ይዞ የመጣ ማዳበሪያማ ዋናውን ሥራ የሚጀምረው ስንዴው ሲያልቅ ነው፤ ዘንቢል ይሆናል፣ የዝናብ መከለያ ይሆናል፣ የጉልት ምንጣፍ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ጥበባችን ግን ዲዛይነር ያለን የለም። «ችግር ያመጣው ነው» ተብለን ታለፍን።

ዙሪክ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1993 ማርኩስና ዳንኤል ፍራይታግ የሚባሉ ወንድማማቾች ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ አማራቸው። ብስክሌት ይነዳሉ፣ ከተማው ይዘንባል፣ የግራፊክ ሥራቸው ይርሳል። ከቤታቸው ፊት ለፊት ደግሞ ከባድ መኪና ቀን ከሌት የሚተላለፍበት ጎዳና አለ። ያረጀ የካሚዮን ሸራ አምጥተው በመታጠቢያ ገንዳቸው አጠቡና ሰፉት። (እኛ ቤት ቢሆን ፈጠራው እዚያው ገንዳ ውስጥ በእናቴ እጅ ባለቀ ነበር።) ጠርዙን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ከፈፉት፣ ማንገቻውን ከመኪና የደህንነት ቀበቶ አወጡት። ዛሬ ሱቃቸው ዙሪክ ውስጥ 26 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንቴይነር ቁልል ነው፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም አንዱን ቦርሳቸውን ከስብስቡ አስገብቶታል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ከዙሪክ የመጣው ይህንኑ አንግቶ ነው። ብርቱካንማ ሸራ፣ ጎኑ ላይ ግማሽ ሰማያዊ ፊደል፣ ከፊደሉ በታች የጭነት ገመድ ለዓመታት ያሸው ግራጫ ሰንበር። አክስቴ ሻንጣዎቹን ትታ ሰንበሩን በጣቷ ፈተገች። አልለቀቀም።

«የኔ ጌታ፣ ሥራው እምቢ ብሎህ ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ከመቶ ፍራንክ በላይ ነው።»

በልቧ ወደ ብር መነዘረችው። ቆየችና «ከነመኪናው ነው?» አለች።

እኔ ግን ቀናሁ። እንጦጦ ስወጣ የምይዘው የቻይና ቦርሳ ገና ደመና ሲያይ ነው የሚርሰው። የጅቡቲ መንገድ ፀሐይና የደብረ ሲና ጉም የተፈራረቁበት ሸራ በአገራችን ሞልቷል፤ ፍራንኩ ለምኔ ብዬ መርካቶ ወረድኩ። ቀበቶውን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ገባሁ። ሻጩ «ለምን መኪና ነው?» አለኝ። ለቦርሳ ነው አልኩት። «ሞዴሉ ስንት ነው?» ብሎ ቀጠለ፤ ለእሱ ሞዴል የሌለው ነገር የለም።

ቀበቶውን ይዤ የሄድኩበት ሰፊ ቆዳና ሸራ የሚሰፋ የሠለጠነ እጅ ነው። ሸራውን ዘረጋና አገላበጠው። «ትራንስፖርት» ከሚለው ጽሑፍ «ስፖርት» የሚለው ብቻ ቀርቷል፣ አጠገቡ የገመድ ሰንበር፣ ከዚያ ወዲያ ነጠብጣብ ግራሶ። ሰፊው መቀሱን አነሳና ንጹሁን ለይቶ ሊቆርጥ ሲል ጮህኩ።

«ቆሻሻው እንዳይቆረጥብኝ!»

መቀሱ አየር ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ ንጹህ አለኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ቆሻሻው ከፊት ይሁንልኝ።»

«ይታጠብና?»

«ይታጠብ፤ ግን እንዳይለቅ።»

ረዳቱን ጠርቶ ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከመሳቢያው እፍኝ ሙሉ የአዲዳስና የናይኪ ምልክት አውጥቶ «ሰው ፊት እንዳያፍሩ አንዱን ልስፋበትና ይሂዱ፤ ሒሳብ የለውም» አለ። ይህን ደግነት እምቢ ማለት ከባድ ነበር።

ቦርሳው አንድ ሁለት መርፌ በልቶ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ባዶውን ሲያነሱት ምሳ የተቋጠረበት ያህል ይከብዳል፤ ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነውና ብርድ ሲነካው ይደርቃል፣ ሲሞቅ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ውኃ ግን አያሳልፍም። የሚያፈስ ሸራ ቢኖር የሚያፈሰው በመርፌው ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ሰፊው ስፌቱን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ክዳኑን እስከ ወገቡ አውርዶ ሠራው። እንጦጦ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድብኝ እኔ በስብሼ ዳቦዬ ደረቅ ነበር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ዛፍ ሥር አብረውኝ ተጠልለው ቦርሳውን አዩት አዩትና «ልጄ፣ የዚህ ሸራ ትራፊ የለህም? የኔ ጣራ ያፈሳል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትራፊ ፍለጋ ሰፊው ዘንድ ተመለስኩ። በሩ ላይ ሦስት የሸራ ቦርሳ ተሰቅሏል፤ ፈረንጅ አይቶ ገዝቶ እንደሄደ ነገረኝ። ዋጋ ብጠይቀው ከእኔ ከተቀበለው እጥፍ ጠራ።

«ኧረ ተው፤ ያው ሸራ አይደለም እንዴ?»

«የንጹሁ በድሮው ነው ጋሼ» አለኝ። «ግራሶ ያለበት ግን እየጠፋ ነው።»