ዝም ይበሉ አባባ!

ደብረ ብርሃን ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጄ ለእረፍት መሐል ሜዳ ከመጣች ወዲህ ሰላም አጣሁ። አስተማሪዋን በኪሷ ይዛው ነው የመጣችው። የስልክ ቪዲዮ እኮ ነው! ጓንት ያጠለቀ እጅ ብቻ፣ ፊት የለው፣ አገር የለው፣ መርፌ ይዞ ይወጋል። ታቆመዋለች፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ ያው ክንድ ደግሞ ይወጋል። ያ ክንድ አንዴ እንኳ «ወይኔ!» ሲል አልሰማሁም።

ልዕልት ፀሐይ የንጉሥ ልጅ ሆነው ለንደን ድረስ ሄደው ነርስነት ሲማሩ ሕፃናት ሆስፒታል ነው የገቡት። የሚያለቅስ፣ የሚራገጥ ልጅ ነዋ የሚያስተምረው!

ይህንኑ ነገርኋት። «አባባ፣ ጊምቢ አካባቢ በስልክ ቪዲዮ የተማሩ አዋላጆች ሲፈተኑ ካልተማሩት በለጡ፤ ጥናቱም በ2008 ዓ.ም. ታትሟል» አለችኝ። ይብለጡ! ጊምቢ የቡና አገር ነው፣ ክንዱን ማን ይሸፍናል? እኔ መንዜ ነኝ። የደም ግፊቴን ልትለካ በርኖሱን ብታነሳ ጋቢ፣ ጋቢውን ብታነሳ ኮት፣ ከኮቱ ሥር ሹራብ። ቆዳዬ ላይ እስክትደርስ ብርዱ ራሱ ግፊቴን ሰቀለው።

እጇን ስትታጠብማ አይነሣ! ቪዲዮው ውስጥ ቧንቧው ይንዠቀዠቃል፤ እዚህ ግን ውሃው በአህያ ከምንጭ የመጣ ነው። እስከ 60 ሰከንድ በየጣቷ መሐል ስትፈትግ እኔ ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ነበር።

ከዚያ ሕጉ ተዘረዘረ። ጀርባ ይደገፍ፣ እግር አይነባበር፣ ክንድ በልብ ትክክል ይሁን። እሺ። «አሁን አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ አባባ!» እኔ? የጎረቤት በግ ገብሴ ውስጥ ገብቶ በበሩ እያየሁት? «ኧረ ውጣ በለው!» ብዬ ጮህሁ፤ ደቂቃው ከአንድ ተጀመረ። ሁለተኛ ዝም ስል ደግሞ አንዱ በደጅ አልፎ «እንዴት አደራችሁ» አለ። ሰላምታ አይመለስም? ሌላ አምስት ደቂቃ።

አሁንማ ሰፈሩ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ደጄ ላይ ተሰልፏል። «እጇ ቀላል ነው፣ አለካኳ ደስ ይላል» ይሏታል። እኔንማ «ያንተ ወሬ የሰውን ግፊት ያሳስታል» ልትለኝ ፈርታ፣ «እርስዎ» ብላ አክብራ ከገዛ ቤቴ አስወጣችኝ። በርኖሴም ቤት ውስጥ ቀርቷል።