የማራገቢያው ፊትና ኋላ

ማራገቢያ የሚባለው ዕቃ በቤታችን ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንደኛው ባለቤቴ የቡናዋን ከሰል የምታቀጣጥልበት በአክርማ የተሰፋው ክብ ማራገቢያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአሮጌዋ ፒክአፓችን ሆድ ውስጥ ከራዲያተሩ ኋላ ተሠይሞ ሞተሩን የሚያበርደው ባለ ስድስት ክንፍ ብረት ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሰሏን እያራገበች፣ «ይህ የእኔው እሳት ሲያነድ፣ ያ የእናንተው ስመ ሞክሼ እንዴት እሳት ያበርዳል?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ ጥያቄዋን ለመልስ እንኳ የማይበቃ አድርጌ በፈገግታ አለፍሁት፤ ያ ፈገግታ ከጊዜ በኋላ ምን ያህል እንዳስከፈለኝ ለመናገር ነው ይህን ወግ መጀመሬ።

እኔ በጎጃም ምድር ቅኔ ተምሬ፣ አዲስ አበባ መጥቼ ዕድሜዬን በመምህርነት የፈጀሁ ሰው ስሆን፣ በጡረታዬ ዘመን ፒክአፕ የገዛሁት ስለ መኪና አንዳች ዕውቀት ኖሮኝ ሳይሆን፣ የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ ከደጀን ጤፍ እያመላለስን እንኖርባታለን» ብሎ ስለ ማለልኝ ነው። መኪናይቱ በዕድሜ ከእርሱ ትበልጥ ነበርና፣ ሲነዳት እንደ አያት እያከበራት፣ በቁልቁለት እየለመናት፣ በዳገት እየተሳለላት ነበር።

የአሮጌው ማራገቢያ ክስ የተጀመረው በሐምሌ ወር ነው። ማራገቢያው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተጋባ፣ ፍቺ የማያውቅ ባለ ቃል ኪዳን ስለ ነበረ፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይዞራል፤ ብርድ ነው፣ ሙቀት ነው ብሎ አይመርጥም። አዲስ አበባ በጭጋግ ተሸፍና፣ ሞተሩ ራሱ ገና እየተንቀጠቀጠ ትንሽ ሙቀት በሚለምንበት በዚያ ጧት እንኳ፣ እርሱ ያለ ርኅራኄ ቀዝቃዛውን አየር ይስብበታል። ድምፁም የዋዛ አልነበረም፤ የወንድሜ ልጅ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ከፊታችን ዐውሎ ነፋስ የተነሣ ይመስል ነበርና፣ ከጎኑ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም ስደግም የራሴን ቃል የምሰማው መኪናይቱ ስትቆም ብቻ ነው።

መካኒካችን ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና፣ «የኔታ፣ ድምፁ ቀላል ነው፤ ጉዱ የሚበላው ጉልበት ነው» አለኝ። ሲያስረዳኝም፣ ማራገቢያ ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚወስደው ኃይል እጥፍ ብቻ ሳይሆን 8 እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ቢፈጥን ደግሞ 27 እጥፍ ይወስዳል። እኔም ይህን ስሰማ፣ ይህን ያህል ዘመን በቤቴ ጾም የማያውቅ እንግዳ ስቀልብ መኖሬ ታወቀኝና ተቈጣሁ። መካኒኩ የመከረኝ መድኃኒት፣ አሮጌውን አውልቆ በኤሌክትሪክ የሚዞር ፋን መትከል ነው፤ ይኸኛው በገዛ ሞተሩ የሚዞር ስለ ሆነ፣ ውሃው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ብቻ ተጠርቶ ይነሣል፣ ሲበርድ ደግሞ ይተኛል፤ እንደ ደወል ሰሚ ካህን ሰዓቱን ጠብቆ የሚገባና የሚወጣ አገልጋይ ነው ማለት ነው።

በዚያው ቀን መካኒኩ ሞተሩን ከፋፍቶ ሲያሳየኝ፣ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ቴርሞስታት የተባለችው ትንሽ በር ናት። በውስጧ ሰም አለ፤ ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲያብጥም በሩን ገፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ያሳልፋል። ዕድሜ ልኬን ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል እያልሁ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ፈረንጅ ይህንኑ ምሥጢር በብረት ቀርጾ በመኪና ውስጥ እንዳስቀመጠው ባየሁ ጊዜ፣ መካኒኩን እንደ ደቀ መዝሙሬ አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ሰምና ወርቅ የገባው ሰው አይሳሳትም ብዬም፣ ለሥራው ሁሉ ፈቃዴን ሰጠሁ።

አሮጌው ማራገቢያ ወጣ፤ በአንደኛው ክንፉ ላይ ከዓመታት በፊት የተበየደበት ጠባሳ እንዳለ ነበር። በማግሥቱ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በመንደራችን ሲያልፍ፣ ማራገቢያውን በ150 ብር ሸጥሁለትና በገንዘቡ ላይ ጥቂት ጨምሬ አንድ ቢጫ ጀሪካን ገዛሁ። ለአዲሱ ማራገቢያ ግን ክብር ይገባዋል ብዬ፣ ሰሙ ነፋስ፣ ወርቁ ምሕረት የሆነ ጉባኤ ቃና ተቀኘሁለት፤ በመልካም ወረቀት ላይ በቁም ጽሕፈት ጽፌም ደረት ኪሴ ውስጥ አኖርሁት።

የመጀመሪያው ጉዞአችን ወደ ደጀን ነበር። በባዶ መኪና፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን፣ በሱሉልታና በጫንጮ ሜዳ፣ በፍቼና በገብረ ጉራቻ በኩል ስናልፍ፣ መኪናይቱ ዝም አለች፤ ውዳሴዬን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ጎሐ ጽዮን ደርሰን፣ ምድር ድንገት ከእግር በታች ወደሚከዳበት ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድም፣ ድልድዩን ተሻግረን በወዲያኛው ዳገት ስንወጣም፣ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ከመካከሏ ንቅንቅ አላለችም። የወንድሜ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይኸ ነው እንጂ ሥልጣኔ!» አለ፤ እኔም ኪሴን በእጄ ዳሰስሁ።

መመለሱ ግን እንደ መሄዱ አልሆነም። አሥር ኩንታል ጤፍ ጭነን፣ ቀትር ላይ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣውን ዳገት ጀመርን። ከሸለቆው ግርጌ እስከ አፋፉ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፤ ቈላው ይነዳል፣ ነፋሱም ከኋላችን ነው፤ መኪናይቱ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ መካከል እየዋለለች የምትሄደው፣ እግረኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የቤተ ሰብ ደኅንነት ጠይቆ በሚሸኛት ፍጥነት ነበር። ቀስቷ ተንቀሳቀሰች፤ ከመካከል ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ቀዩ መስመር ደረሰች፤ ከሞተሩ ክዳን ሥርም እንደ ጥና ጢስ ያለ ነጭ እንፋሎት ተነሣ።

ወርደን በመንገዱ ዳር ቆምን። የወንድሜ ልጅ የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት ሲሮጥ በነጠላው ይዤ አስቀረሁት፤ ምክንያቱም መካኒኩ ያስተማረኝን ይህን አንድ ነገር አልረሳሁም ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይፈላል፤ በራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከ110 በላይ እንኳ ሳይፈላ ይታገሣል። ያንን የታመቀ ትዕግሥት በድንገት የከፈተ ሰው፣ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ፊቱ ላይ ይቀበለዋል።

እስኪበርድ ድረስ በድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነገሩን እንደ ሊቃውንቱ ሥርዐት በአንድምታ መረመርሁት። «ሞተር ሞቀ» ቢል፣ አንድም ውሃ አንሶታል፤ አንድም የውሃው ፖምፓ ደክሟል፤ አንድም የቴርሞስታቱ በር ሳይከፈት ቀርቷል፤ አንድም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ እውነት ከሆነ ደግሞ ጤፉም መኪናይቱም ተሸጠው ዕዳውን አይከፍሉትም። በአፋፉ ላይ የተሰለፉ ዝንጀሮዎች ትርጓሜዬን በጥሞና ያዳምጡ ነበር፤ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ግን በአራተኛው አንድምታ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ማራገቢያውማ ሲዞር በዓይናችን እያየነው ስለ ነበር፣ በእርሱ ላይ ጥርጥር ለማሳደር ያሰበ አልነበረም።

በዚህ መካከል ከታች አንድ ከባድ መኪና እያቃሰተ መጥቶ ከጎናችን ቆመ። ሾፌሩ ጠጉሩ የሸበተ፣ ይህን በረሃ ቢያንስ ከእኔ ዳዊት መድገም የበለጠ የተመላለሰበት ሰው ነበር። ጥቂት ካየ በኋላ፣ «አባቴ፣ አንዲት ወረቀት ይኖርዎታል?» አለኝ። ጽሕፈት ሊጽፍ መስሎኝ ኪሴ ብገባ ያገኘሁት ያንኑ የቅኔ ወረቀት ብቻ ሆነ፤ ሰጠሁት። እርሱም ሞተሩን አስነሥቶ፣ ወረቀቱን በራዲያተሩ ፊት ለፊት አስጠግቶ ለቀቀው። ማራገቢያው አየሩን ወደ ውስጥ ቢስብ ኖሮ ወረቀቱ በራዲያተሩ ላይ ተለጥፎ መቅረት ነበረበት፤ ነገር ግን እፍ እንደ ተባለ ገለባ ወደ ፊት ተወርውሮ፣ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ተገለበጠና ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረደ። ማራገቢያው የገዛ ውዳሴውን በገዛ ትንፋሹ ጣለው። «ሽቦው ተገልብጧል፤ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው» አለ ሾፌሩ።

ይህ አምስተኛው አንድምታ ነበር። ሁለት ሽቦ፣ አዎንታዊና አሉታዊ፣ ቦታ ተለዋውጠው ስለ ታሰሩ፣ አገልጋያችን ቀዝቃዛውን አየር ወደ ሞተሩ መሳቡን ትቶ የሞተሩን ትኩስ ትንፋሽ ወደ ፊት ይገፋ ኖሯል። በሜዳው ላይ መኪናይቱ በፍጥነት ስትሄድ የመንገዱ ነፋስ ራሱ በርትቶ ስሕተቱን ይሸፍንለታል፤ በባዶና በንጋት ብርድ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ጥቂት ነው። ጭነት፣ ቀትር፣ ዳገትና የኋላ ነፋስ በአንድነት ጉባኤ በተቀመጡ ጊዜ ግን ጉዱ ተገለጠ። ሾፌሩ ሽቦዎቹን በደቂቃ አቀያየረልን፤ የጎደለውን ውሃም ከቢጫው ጀሪካን ሞላን፤ ስለዚህ የሸጥነው ማራገቢያ በሌለበት ስፍራ እንኳ በዋጋው አገለገለን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ የቀና መስሎአችሁ ከሆነ እኔም መስሎኝ ነበር። ማራገቢያው በትክክል ዞረ፣ ቀስቷ ግን እየቀነሰችና እየጨመረች ሁለት ጊዜ ደግማ አስቆመችን። በመንገዱ ዳር ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁ። የዲዜል ሞተር እሳቱን እንደ ጥንቱ ርስት ለሦስት ያካፍለዋል፤ ሲሶውን ያህል ለመንኰራኵሩ፣ ሲሶውን ለጢሱ፣ ሲሶውን ለውሃው። በዳገት ላይ ይህ የውሃው ሲሶ እጅግ ይበዛል፤ ይህን ሁሉ እንዲያበርድ የቀጠርሁት አገልጋይ ግን በ12 ቮልት 25 አምፔር የሚወስድ ስለ ሆነ ጉልበቱ 300 ዋት፣ ማለትም ግማሽ የፈረስ ጉልበት እንኳ የማይሞላ ነው። ያም ቢሆን በነጻ አልነበረም፤ ሞተሩ ለዲናሞው፣ ዲናሞው ለባትሪው፣ ባትሪው ለፋኑ ሲያቀብሉ እያንዳንዱ አሥራቱን ያስቀራል፤ ዲናሞውማ ከአሥር እጅ አራት እጅ ያህል ያስቀራልና አሥራት ተቀባይ ሳይሆን ግብር ሰብሳቢ ነው። ያ በላተኛ ብዬ የከሰስሁት አሮጌ ብረት ግን፣ ሞተሩ በጮኸ መጠን አብሮ እየጮኸ፣ ሙቀቱ በበዛ ሰዓት ብዙ እየበላ ብዙ የሚሠራ፣ ለዚህ ዳገት ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነበር። ለሐምሌ ብርድ ያበዛው ድካም የዓባይን ቀትር ሲጠብቅበት የኖረ ትጋት መሆኑን፣ በከሰስሁት ጊዜ ማን ይንገረኝ?

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ከመለዋወጫ ዕቃው ክምር መካከል ለመኪናይቱ የሚሆን ማራገቢያ ጠየቅሁ። ነጋዴው አንዱን ከፍ አድርጎ አወጣና፣ «ኦሪጅናል ነው አባቴ፣ ከዱባይ ገና አሁን የገባ» አለኝ። በእጄ ይዤ ሳገላብጠው፣ በአንደኛው ክንፉ ላይ ያ የብየዳ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በእርግጥ ከእኔ ቤት ወጥቶ እስከ ሶማሌ ተራ ሲመጣ በዱባይ በኩል ዞሮ እንደ ሆነ ልከራከር አልቻልሁም፤ ስለዚህ 2,500 ብር ቆጥሬ ከስደት መለስሁት።

ማታ ባለቤቴ ቡና እያፈላች ሳለ ነገሩን ሁሉ፣ ስለ ሽቦው መገልበጥም፣ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ ዋጋውም ሳልደብቅ ነገርኋት። እስክጨርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያም የአክርማ ማራገቢያዋን አነሣች፤ ፊቱን አየች፣ ገልብጣ ኋላውን አየች፤ «የእኔስ ፊቱ በየት በኩል ነው?» ብላ ወደ እኔ ዘረጋችው። ለመመለስ አፌን ስከፍት ጀበናው ገነፈለ።