አስቀምጥ እንጂ አታሳይ

ሠርግ ያለፈበት ቤት ቡና ልጠጣ ብሎ የገባ እንግዳ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። አልበሙ ጭኑ ላይ ይወርዳል፤ የሙሽራውን የአክስት ልጆች ሁሉ ሳያውቅ አይነሳም። ማትፕሎትሊብ የሚባለው የፓይተን የግራፍ መሣሪያም «ሾው» የምትል ትእዛዝ ካገኘ ያው ነው። ግራፉን በመስኮት ይዘረጋና አይቶ የሚዘጋለት ሰው እስኪመጣ ድረስ ቀጣዩን መስመር አይነካም።

መሥሪያ ቤታችን የየጣቢያውን ዝናብ በግራፍ የሚስል ስክሪፕት አለ። የጻፈው ባልደረባችን ሥራውን ለቋል፤ ሾው ግን አልለቀቀችም። ማታ አስጀምሬው ሄድኩ። ጠዋት ጥበቃው በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያ ኮምፒውተርሽ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ተራራ ላይ እንዳፈጠጠ አደረ። ደህና ነው?»

«ጋሼ፣ ተራራ አይደለም፣ ክረምት ነው።»

እውነትም የአዲስ አበባ ዝናብ ሲሳል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ስክሪፕቱ የመጀመሪያውን ጣቢያ ክረምት ዘርግቶ «እዩልኝ» ሲል ነው ያነጋው። ያዩለት ደግሞ ጋሼ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም መስኮቱን አልዘጉለትም፤ የሰው ዕቃ አይነኩም።

በመሣሪያው አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ያቀረበው ጆን ሀንተር የነርቭ ሳይንስ ሰው ነበር፤ ሥራውም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን የአንጎል ሞገድ ማየት። ለዓይን የተሠራ ነገር ልታይ ልታይ ቢል ምን ይገርማል?

ለእኛ ግን መድኃኒቱ ሾውን አውጥቶ «ሴቭፊግ» ማለትና የፋይል ስም መስጠት ነው። አስቀድሞ «አግ» የሚባለውን ሠዓሊ መምረጥም ደግ ነው፤ አግ መስኮት አይከፍትም፣ ስክሪንም አይጠይቅም፤ ሚሞሪ ውስጥ ስሎ ፒኤንጂ አድርጎ ያስቀምጣል። ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ የድሮዎቹ ስሪቶች «ዲስፕሌይ የለም» ብለው ይወድቁ ነበር፤ አዲሶቹ ራሳቸው ወደ አግ ይዞራሉ።

ማየትም ማስቀመጥም የሚፈልግ ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። አይቶ ዘግቶ ሲያበቃ ሴቭፊግ ካለ፣ ሥዕሉ ከመስኮቱ ጋር ሄዷልና ነጭ ሸራ በክብር ይቀመጥለታል። ደግሞ እያንዳንዱን ሥዕል ካስቀመጡ በኋላ «ክሎዝ» ማለት ያስፈልጋል፤ ክፍት የቀሩት ከ20 ሲያልፉ መሣሪያው ማጉረምረም ይጀምራል። የሚሞሪ ነገር ስለሆነ እውነቱን ነው።

ሳይታይ የሚሳል ነገር ጉዱም ሳይታይ ይከማቻል። ግራፎቹ በአንድ ሌሊት አለቁ፤ ስከፍታቸው መስከረም አምስት ባዶ ሳጥን ሆኖ ተሰልፏል፣ ጥቅምትም አራት። ዴጃቩ ሳንስ የሚባለው የመሣሪያው መደበኛ ፎንት ፊደላችንን አያውቅም። ማስጠንቀቂያውንማ ሌሊቱን ሙሉ ጽፎልኝ ነበር፤ ማን አንብቦት? ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጭኜ፣ ስሙን ስክሪፕቱ ውስጥ አስገብቼ እንደገና አስሣልኩት። ወሮቹ ስማቸውን አገኙ።

ፎልደሩን ለኃላፊያችን ላክሁላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ።

«በርቺ፣ ግሩም ሥራ ነው። በይ አሁን ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይና አንድ በአንድ አሳዪኝ።»