ስለ አንዲት “ኤስ” የወጣ አዋጅ

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በሉማሜ ከተማ፣ ባለጉዳይን “ሲስተም የለም” ብሎ መመለስ የዘወትር ሥራ በመሆኑ፤

ሲስተሙ ግን ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ሲያንሿሿ ስለተገኘ፤

ጥፋቱም የአንዲት ፊደል መሆኑ ስለተደረሰበት፣ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የኤስ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “ኔምስፔስ” ማለት፣ በአንድ ቀበሌ ያሉትን አለባቸዎች በአባት ስም እንደምንለይ ሁሉ፣ ተመሳሳይ የኤክስኤምኤል ስሞች የሚለዩበት በጥር 1991 ዓ.ም. የድረ ገጽ መስፈርት አውጪ በሆነው በደብሊውስሪሲ የጸደቀ መጠሪያ ነው። “አማካሪ” ማለት በጠዋት መጥቶ ከሰዓት የሚመለስ ነው።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

ስፕሪንግ በተባለው ማዕቀፍ በተሠራ ማናቸውም የጃቫ ሲስተም ላይ።

4. ስለ አድራሻ

1) ኔምስፔስ የድረ ገጽ አድራሻ ይመስላል እንጂ ማንም አይሄድበትም። ፊደል በፊደል ይነጻጸራል፤ አይከፈትም።

2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው ቢኖርም፣ “ስኪማ ሎኬሽን” ተብሎ የሚጻፈው አድራሻ ሊኬድበት ይችላል። ሆኖም ስፕሪንግ የስኪማውን፣ ማለትም የኤክስኤምኤሉን ደንብ የያዘውን ፋይል፣ ቅጂ በጥቅሉ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ፣ በጥቅሉ መዝገብ ቃል በቃል የተገኘ አድራሻ ከጉዞው ነፃ ነው።

3) በንዑስ አንቀጽ (2) የተሰጠው ነፃነት፣ ጥቅሉ አሮጌ ሲሆን፣ ከ“ኤችቲቲፒ” ኋላ “ኤስ” የተጨመረበትን አድራሻ አይመለከትም። ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ባሕር ተሻግሮ ይጠይቃል።

ሀ) ግቤቶችን ባጭሩ ለመስጠት በ1999 እና በ2004 ዓ.ም. የመጡት “ፒ” እና “ሲ” ኔምስፔሶች የስኪማ ፋይል ስለሌላቸው ከንዑስ አንቀጽ (2) እና (3) ነፃ ናቸው፤

ለ) ነፃ ቢሆኑም፣ በ“ፒ” ሥር ስሙ በ“ሬፍ” የሚያልቅ ግቤት ማጣቀሻ ነው ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል፤

ሐ) በ“ሲ” ሥር በተራ ቁጥሩ የሚጠራ ግቤት፣ የኤክስኤምኤል ስም በቁጥር ስለማይጀምር፣ ከፊቱ አንደርስኮር ይለጠፍለታል፤

መ) ይህን ሁሉ ያልተረዳ ባለጉዳይ ነገ ይመለሳል።

4) አማካሪው “ለደኅንነት ነው” ብሎ ኤሷን ሲጨምር ኔትወርክ ስለነበር ሲስተሙ ተነሳ። ፈርመን ተረከብን። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ እንቢ አለ። ስክሪኑ ላይ የቀረው “‘ቢንስ’ የሚባለው ኤለመንት የተደነገገበት አልተገኘም” የሚል የእንግሊዝኛ ስሞታ ነው።

5) እናንተ ሰዎች፣ የመሬት መዝገቡ እኮ እዚሁ ነው! ስሙም፣ ፊርማውም፣ የይዞታው ስፋትም ጠረጴዛው ሥር ነው! ጎህ ሳይቀድ ከገጠር ቀበሌ የተነሱ፣ ጋቢያቸው ጤዛ የጠጣ አባት ቆመዋል። “አባባ፣ ሲስተም የለም” አልኋቸው። “አምና አንተው ፊት አይደል የፈረምሁት፣ ልጄ?” አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሲስተሙ ከአንድ ክንድ ርቀት ያለውን ፋይል ትቶ ውጭ አገር ሊጠይቅ ፈልጎ ነው ልበላቸው? ፋይሉ እንደሆነ ለዓመታት አይለወጥም። ደብሊውስሪሲ ራሱ በ2000 ዓ.ም. ፕሮግራሞች እንዲህ ያሉ ፋይሎችን በቀን እስከ 130 ሚሊዮን ጊዜ እየጠየቁ አስቸገሩኝ ብሎ አቤት ብሏል። እሱስ አቤት የሚልበት አለው።

5. ቅጣት

ኤሷን የጨመረ ከባለጉዳዮቹ ጋር ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ የምሳ ሰዓት ይሆናል።

6. የተሻሩ አሠራሮች

“ኔትወርክ የለም” የሚለው መልስ፣ ኔትወርክ ለማያስፈልገው ሥራ፣ ተሽሯል።

7. አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የኢንተርኔት ዶንግሉ ተነቅሎ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ፣ እንደገና ሲበራ ያለ ስሞታ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ የፀና ይሆናል። አማካሪው ቀሪ ክፍያውን የሚወስደውም ያን ቀን ነው።