ስፓኒሽ በቁስቋም

ጎንደር ቁስቋም ስፓኒሽ መማር የሚፈልግ ልጅ አይጠፋም፤ የጠፋው አስተማሪ ነው። ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ በታች ኳስ የሚያራግጡት የሰፈሬ ልጆች የእንግሊዝኛ የቤት ሥራቸውን ላለመሥራት ሰማይ ይቧጥጣሉ። ስፓኒሽ ሲባል ግን ጆሯቸው ይቆማል፤ ግማሾቹ ባርሳ፣ ግማሾቹ ሪያል ናቸዋ! እኔን መምህር አድርገው የሾሙኝ መነጽር ስለማደርግ ብቻ ነው። እውቀቴ እስከ አሥር ከመቁጠር አያልፍም።

እሱኑ ግንቡ ጥላ ሥር «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ» እያልን ስናስተጋባ አንዲት እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ የማን ድግምት ነው?»

«ድግምት አይደለም እማሆይ፣ የስፔኖች ቋንቋ ነው።»

«ሃይማኖታቸውስ?»

«ካቶሊክ ናቸው።»

አማተቡ። «አፄ ፋሲል ያባረሯቸው አይደሉም እንዴ? በየት ዞረው ገቡ?»

እማሆይ ታሪኩን አልሳቱም። እዚህ አገር የካቶሊክ ትምህርት ቤት ይዞ ሕፃናት ያስተማረ ስፔናዊ ነበረ። ፔድሮ ፓኤዝ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1564 ማድሪድ አቅራቢያ የተወለደ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አንቶኒዮ ሞንሴራቴ ከሚባል ካታሎናዊ ባልንጀራው ጋር ዓረብ ጠረፍ ላይ ተያዙ። ሁለቱም በሐድራሞት በረሃ ከግመል ኋላ በእግራቸው ተነዱ፤ መርከብም በባርነት ቀዘፉ። ሰባት ዓመት ግድም እንዲህ ኖሩ። ይህን ለልጆቹ ስተርክላቸው መከራው አልገረማቸውም። የገረማቸው የማድሪድና የካታሎኒያ ሰው አብረው መታሰራቸው ነው። አንዱ ጭራሽ «ማን አሸነፈ?» አለኝ።

ፓኤዝ ነፃ ከወጣ በኋላ እንደገና ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1603 አርመናዊ መስሎ በምፅዋ በኩል ገባ፤ አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ተቀመጠ። እዚያ በግራኝ ዘመን የመጡት የፖርቹጋል ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። ታዲያ አንድ ስፔናዊ ልጆች ሰብስቦ ምን ያስተምራል? ስፓኒሽ እንዳትሉኝ! ሰውዬው ራሱ ቁጭ ብሎ አማርኛና ግእዝ ተማረ። የካቶሊክን ትምህርተ ሃይማኖት በጥያቄና መልስ ወደ አማርኛ አስመልሶ ሕፃናቱን በቃል አስጠናቸው። የኔታም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ አያደርጉም ነበር፤ ትምህርቱን አይወዱለትም እንጂ ዘዴውን ያመሰግኑታል። ወሬው አፄ ዘድንግል ዘንድ ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1604 ቤተ መንግሥት አስጠሩት። ልጆቹ በንጉሡ ፊት ሲመልሱ ንጉሡ ተደነቁ። መኳንንቱ ግን አልተደነቁም። ንጉሡ ወደ ሮም አዘነበሉ ብለው ከሸፈቱባቸው ጋር ሲዋጉ በዚያው ዓመት ወደቁ።

ፓኤዝ ትልቁን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን እንኳ የጻፈው በፖርቹጋልኛ ነው። ስፓኒሹን ለማን እንዳስቀመጠው እሱ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ አረፈ። ተተኪው አልፎንሶ ሜንዴዝ እንደሱ የሰው ጠባይ የሚያውቅ አልነበረምና አገር በደም ታጠበ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከእማሆይ ሰምታችኋል።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ ደግሞ እዚሁ ቁስቋም፣ የእቴጌ ግቢ ውስጥ እየበላ እየጠጣ፣ ፈንጣጣ የያዛቸውን የመሳፍንት ልጆች እያከመ ከረመ። አገሩ ሲገባ ፓኤዝ ምንጩን አላየም፣ ቀዳሚው እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። የእኛን ሰፈር እንጀራ በልቶ የሟች ስም ማጥፋት ነውር ነው፤ ስፔናዊ ባልሆንም ለፓኤዝ እቆረቆራለሁ።

ስፓኒሽ በኢትዮጵያ ሕፃናት አፍ በብዛት የገባው ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ 350 ዓመት ግድም ቆይቶ ነው፤ ያውም በቄስ ሳይሆን በኮሚኒስት እጅ። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ኩባ ወዳለችው የወጣቶች ደሴት ተላኩ። ብዙዎቹ አባቶቻቸው ጦር ሜዳ የቀሩ ናቸው። ግማሹን ቀን ሲማሩ፣ ግማሹን ከብርቱካንና ሎሚ እርሻ ሲውሉ አደጉ። ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው፣ ስፓኒሹን እንደ አፍ መፍቻቸው እየተናገሩ የተመለሱ አሉ።

የኩባውን ነገር ለእማሆይ ባጫውታቸው ትንሽ አሰቡና «ኮሚኒስት ከሆነስ አያሰጋም፤ እሱን ደርግ ጊዜ አይተን ለምደነዋል» ብለው ፈቀዱልን።

እንግዲህ ጎንደር ውስጥ ያላችሁ የኩባ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቁስቋም ብቅ በሉ። ደመወዝ የለንም፤ ቡና ግን እናፈላለን። ባርሳና ሪያልን ለማስታረቅ አትድከሙ፤ እኛ የምንፈልገው ከአሥር በላይ ያለውን ቁጥር ነው።