የአባትዎን የውሃ ፓምፕ በአንድ በጋ የሚገድሉበት መመሪያ

እድሳት የሚጀምረው ከቀለም ነው። ጓዳ ውስጥ ከጆንያ ሥር የከረመችውን ፓምፕ ያወጡና፣ አንድም ብሎን ሳይፈቱ፣ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ይግዙ። ጭቃውን መጥረግ አያስፈልግም፤ ቀለሙ ይሸፍነዋል። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ክንፎች አየር እንዲያልፍባቸው የተሠሩ ናቸው፤ በጭቃና በቀለም ይድፈኗቸው። ሞተሯ ራሷን የምታቀዘቅዘው በአየር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከገጠመዎት «ውሃ እየሳበች እንዴት ትግላለች?» ብለው ይርቱት።

በዘይት ጉዳይ ጠንካራ አቋም ይኑርዎት። ይህች ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር የምትይዘው 0.6 ሊትር ገደማ ነው። አምራቹ አዲስ ስትሆን ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ በየ100 ሰዓቱ ይቀየርላት ይላል። አምራቹ ምን አለበት፣ ከኪሱ አይወጣ! እርስዎ የጠቆረውን ዘይት በሁለት ጣትዎ ይሹት፣ ያሽቱት፣ ለከበበዎት ሰው ሁሉ «ገና ነው» ብለው ያስታውቁ። ሲጎድል ከአይሱዙ የተደፋ ዘይት ለምነው ይጨምሩበት። ዘይት ዘይት ነው።

ዘይት ሲያንሳት አልነሳም የምትል ዓይነት ከሆነች ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። ገመዱን ይስባሉ፣ ይስባሉ፣ ትከሻዎ ይወልቃል፣ እሷ ግን ዝም። በዚህ ጊዜ የዘይቱን ክዳን እንዳይከፍቱ! የሰፈሩን አዋቂ ይጥሩ። ፒንሳውን ይዞ ይመጣና ከሞተሯ ጎን የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ ቆርጦ ይጥላታል። ሞተሯ በአንድ ስበት ትነሳለች፤ «መካኒክ ማለት እንዲህ ነው!» ይባላል፤ ቡና ይፈላለታል። ቢዬላው ብሎኩን ሰብሮ ሲወጣ አዋቂው ሌላ ቀበሌ ሽቦ እየቆረጠ ነው።

አንተ ሰው፣ ሽቦዋ እኮ «ዘይት ጎደለኝ» እያለችህ ነበር! ግማሽ ሊትር ዘይት ሰስተህ አባትህ በሬ ሸጦ የገዛውን ሞተር ትበላለህ? ቲማቲሙ በአበባው ሲረግፍስ ማንን ልትከስ ነው?

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወደ ምክራችን እንመለስ።

ፊንጫአ ሐይቅ ላይ ጀልባ ነዳሁ የሚል ዘመድ አይጠፋዎትም። የድሮዎቹ የጀልባ ሞተሮች ቱ ስትሮክ ስለሆኑ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቅላቸዋል፤ ብዙዎቹ 1 ለ50። የእርስዎ ፓምፕ ፎር ስትሮክ ናት፤ ዘይቷ ከታች ለብቻው ነው። ቢሆንም ዘመድ ተናግሮ እንዴት እምቢ ይባላል? ይደባልቁ። ካንዴላዋ ጥላሸት ስትለብስ በመሬት ፈተግ ፈተግ አድርገው ይመልሷት። ክፍተቷ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ቤንዚኑ የመንገድ ዳር ሃይላንድ ነው፤ ከሥሩ የተኛው ውሃ ይሁን ሌላ አይመራመሩ።

ካርቡራተሯን ነቀምቴ ያስተካክሉ፣ ለሥራ ዲዴሳ ሸለቆ ያውርዷት። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ከፍታ በጨመረች ቁጥር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ታጣለች፣ ቤንዚኑም ይበዛባታል። ስለዚህ ጋራዡ ቤንዚኑን ይቀንስላታል፤ በሩ ላይ ድምጿ ጥርት ይላል፤ ሂሳብ ይከፍላሉ። ከ1,500 ሜትር በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ አየሩ ሲወፍር ያው ቤንዚን ያንሳታል፤ በዚያ ፀሐይ ትነዳለች። ተመልሰው ካርቡራተሯን ያስከፍቱ። ልጁ ቀጭኗን ቀዳዳ በስፌት መርፌ ሲያሰፋት ዝም ብለው ይዩ፤ ጓርኒሲዮኑንም ከደብተር ሽፋን ይቁረጥልዎት።

ውሃው ጋ ሲደርሱ ፓምፗን ከወንዙ አፍ አያውርዷት። ጎርፍ አለ፣ ሌባ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርስዎ ሸክም አይወዱም። ከዳገቱ ላይ፣ ከሾላው ጥላ ሥር ያስቀምጧት። ሳጥኗ ላይ «8 ሜትር ትስባለች» ተብሎ የለ? ያ በባሕር ጠለል ነው። ውሃውን በቱቦው ወደ ላይ የሚገፋው የአየሩ ክብደት ነው፤ 2,000 ሜትር ላይ ከዚያ ውስጥ 2 ሜትር ያህሉ ይቀነሳል። ይህን ግን ለሾላው ይንገሩት። ሆዷን ውሃ ሳይሞሉም ያስነሷት፤ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ማሸጊያ፣ «ሲል» የሚሉት፣ ደርቆ ይንጨረጨር። ውሃ አልመጣም? ጋዝ ይስጧት። አሁንም አልመጣም? ጨምረው ይስጧት። የመሳቢያው ቱቦ በስንጥቁ አየር እያፏጨ ከሆነ አንድ ዙር ከመነዳሪ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ያውሷት። ጎረቤትዎ «ኦቦ፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ» ብሎ ይመጣል። ቤንዚኑን ሞልተው፣ ቱቦውን ጠቅልለው፣ አሸክመው ይስጡት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ታንከሯ ደርቆ፣ የማስነሻው ገመድ ተበጥሶ፣ በአህያ ይመልሳታል፤ «ስወስዳትም እንዲህ ነበረች» ይልዎታል። ይመኑት እንጂ! እርስዎስ ለአማችዎ ጄኔሬተር ያሉት ይህንኑ አልነበረም? ገመዱን ቀጥለው ይጠብቁት፤ ሰኞ ለወንድሙ ሊዋሳት መምጣቱ አይቀርም።