አያትህ ያለ ጫማም ይሄዱ ነበር

የኅዳር 6 ንግሥ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። ከደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቁልቁል ሲወርዱ ከምትገኝ አንዲት ጠላ ቤት ተቀምጠናል። ከጎኔ ያለው ጎረምሳ በስልኩ የጠመንጃ ፎቶ ያገላብጣል። ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳ እንዲህ አያገላብጥም።

«እሜቴ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ የቱ ያምርብኛል?» አለ ለጠላ ቤቷ ባለቤት።

«አንተ ላይ? ማንገቻው ብቻ ይበቃሃል።»

ቤቱ ሣቀ። ልጁ ግን አልተበገረም።

«የምሬን ነው! ሕጋዊ ጠመንጃ ነው የምገዛው።»

«ሕጋዊ ከሆነ ፎቶውን ተወውና ወረቀቱን አሳየኝ።»

«ወረቀቱማ ከተገዛ በኋላ ይደርሳል።»

«እንዲያ ከሆነ ክርስትናህንም ከተዝካርህ በኋላ እናነሣልሃለን።»

ዝም ልል ነበር፤ ምላሴን በላኝ። «ወንድሜ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ። መጀመሪያ ፈቃድ ነው፣ ጠመንጃው ቀጥሎ ነው። ተቆጣጣሪውም ፌዴራል ፖሊስ ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሕግ ተምረዋል እንዴ?»

«አልተማርኩም፤ እንዳንተ ያለ ዘመድ አለኝ።»

«አያቴ ግን ያለ ወረቀት ነበር የያዙት!»

እሜቴ ጣሳውን እየሞሉ ቀና አሉ። «አያትህ ያለ ጫማም ይሄዱ ነበር። በል አውልቃ!»

እውነት ለመናገር፣ አገራችን ለጠመንጃ ስም በማውጣት የሚያክላት የለም። የእንግሊዙን ስናይደር «ሰናድር» ብላ ክርስትና አነሣችው። የፈረንሳዩ ግራ «ውጅግራ» ሆነ፣ ማንሊኸር ደግሞ «ምንሽር»። ክላሽንኮቭም ግማሽ ስሙን ጥሎ «ክላሽ» ሆኖ ቀረ። ይኸ ሁሉ ባዕድ ብረት በቁልምጫ ሲጠራ፣ ቁልምጫ የተነፈገው ፈቃዱ ብቻ ነው። ዛሬም «ፈቃድ» ነው፤ የሚያቆላምጠው ቀርቶ የሚፈልገውም ጥቂት ነው።

ጥግ ይዞ የተቀመጠ፣ ለንግሡ ከካሊፎርኒያ የመጣ የሰፈር ልጅ ጨዋታው ጣመው። «እኛ ጋ ሕጉ በየክልሉ ይለያል» አለ። «ካሊፎርኒያ ውስጥ ካዝናው የሚወልቅ፣ ቃታው በተሳበ ቁጥር ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ከሆነ፣ የሽጉጥ እጀታ የመሰለ መያዣ ወይም የሚታጠፍ ሰደፍ ካለው አይፈቀድም። ከ10 ፍሬ በላይ የሚይዝ ካዝናም አይሸጥም። ድንበር ተሻግረህ ኔቫዳ ስትገባ ያው ጠመንጃ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ ታገኘዋለህ።»

እሜቴ ወደ ጎረምሳው ዞሩ። «ሰማህ? ሰደፍ መታጠፉ ወንጀል የሚሆንበት አገር አለ። ቃል ማጠፍ ቢጨመርበት ኖሮ አንተ እስካሁን ዕድሜ ልክ ተፈርዶብህ ነበር።»

«እሺ፣ ቢያንስ የሚያስፈራውን ልምረጥ!»

«የሚያስፈራ? እናትህ ገና ሳትገዛ ፈርታለች፤ ሌላ ማንን ልታስፈራ ነው?»

እዚህ ላይ ቁስቋም ራሷ መልስ አላት። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ እዚሁ ቁስቋም ከእቴጌ ምንትዋብ ግቢ አጠገብ አርፎ ነበር። እሱ እንደጻፈው፣ ከራስ ሚካኤል ስሑል ጠመንጃ ያዦች አለቃ ከገብረ መስቀል ጋር በተኩስ ጉራ ተጣሉ። «የእኔ ጠመንጃ ሻማ ጎርሶ፣ የአንተ ብረት ጎርሶ ከሚሠራው ይበልጣል» አለው ብሩስ። ኋላም በንጉሡ ፊት በቁራጭ የሞራ ሻማ ሦስት የተደረበ ጋሻ በሳ፣ ቀጥሎም የሾላ ጠረጴዛ። በሻማ ጋሻ የበሳ ሰው በተቀመጠበት ቀበሌ፣ «የቱ ጠመንጃ ያስፈራል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

«ታዲያ ለወንድሜ ሠርግ በምን ልተኩስ?» ጎረምሳው አሁንም አልተፈታም።

«በእልልታ! ወደ ሰማይ የተኮስከውን ጥይት እዚያ የሚረከብህ የለም፤ ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስ ደግሞ የሚዜውን አናት ከድንኳኑ ለይቶ አያውቅም።»

ልጁ በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እሺ እሜቴ፣ ይምረጡልኝ። ከየት ልጀምር?»

«ከሦስት ጣሳ ዕዳህ። የጠላ ሒሳቡን ያልዘጋ ሰው፣ የጥይት ሒሳብ ምን አግብቶት!»

ከፈለና ወጣ። እኔም ሣቄን ጨርሼ ለእናንተ የምለው ይኸን ነው። አፈሙዝ ከማማረጣችሁ በፊት የፖሊስ ጽሕፈት ቤት በር አንኳኩ። ለግለሰብ የሚፈቀደው የትኛው እንደሆነ፣ ፈቃዱም በማን ስም እንደሚወጣ ጠይቁ። ማታ በጓሮ «ርካሽ አለ» ብሎ ከሚያንሾካሹክ ሰው አትግዙ፤ ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ቁልፉ እስር ቤት ያለ ሣጥን ነው። ሕግ የሚወደው ጠመንጃ ሰደፉ ያማረው አይደለም፤ ወረቀቱ የቀደመው ነው።